ለአባቴ ድምፅ ሲስተም ስመርጥ

ሰው በሬ ሲገዛ ይጨነቃል፣ የንስሐ አባት ሲይዝ ይጨነቃል፣ ልጁን ሲድር ደግሞ እንቅልፍ ያጣል። እኔ አንድ ክረምት ሙሉ እንቅልፍ ያጣሁት ባረጀ ኮምፒውተር ላይ የትኛውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ልጫን እያልኩ ነው። ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው ጭንቀቱም የተማረ መሆን አለበት መሰለኝ።

ነገሩ የጀመረው ከአባቴ ጉሮሮ ነው። አባቴ በዜማ ትምህርት በታወቀችው ደብር፣ በቤተ ልሔም የድጓ መምህር ነበሩ። «ነበሩ» ማለቴ ሞተው አይደለም፤ ድምፃቸው ስለሄደ ነው። ደብረ ታቦር ያያቸው ሐኪም «ከእንግዲህ ድምፅዎን ይቆጥቡ» ሲላቸው፣ በዚያው በተሰነጠቀ ድምፃቸው «ቆጥቤ ምን ልገዛበት ነው?» ብለው መለሱለት። ሐኪሙ ሳቀ፤ እኛ አልሳቅንም። ከዚያ ወዲህ የሚናገሩት በሹክሹክታ ነው። ሕክምናው ይቀርባቸዋል ተብሎ ከእናቴ ጋር መካነ ኢየሱስ፣ እኔ ተከራይቼ ወደምኖርበት ቤት መጡ።

የቀረው ድምፃቸው ያለው በተማሪዎቻቸው ሚሞሪ ካርድ ላይ ነው። የድጓ ተማሪ ምልክቱን ከመጽሐፍ ያያል፣ ዜማውን ግን የሚቀበለው ከመምህሩ አፍ ነው። የዛሬ ተማሪ ደግሞ ጆሮውን ስለማያምን ስልኩን በጋቢው ሥር ሸጉጦ ይቀዳል። አባቴ ይህን ከስርቆት ለይተው አያዩትም ነበር። እግዜር ይስጣቸውና፣ ሌቦቹ ባይኖሩ ኖሮ ዛሬ ምንም አይኖረንም።

በሄደ በመጣ መንገደኛ መልእክት እየላክሁ የተቀዳውን መሰብሰብ ጀመርኩ። ሚሞሪው አንዱ በክብሪት ቀፎ፣ አንዱ በእስክርቢቶ ክዳን፣ አንዱ በማስቲካ ወረቀት ተጠቅልሎ መጣ። አንዱን ስከፍተው ከአባቴ ጾመ ድጓ ቀጥሎ የሠርግ ዘፈን ተከተለ። የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ ለአባቴ አልተናገርኩም። የሚያስፈልገኝን ገልብጬ ካርዶቹን ለየባለቤታቸው መለስኩ፤ ላፕቶፔም ጢም ብሎ ሞላ።

ስለዚህ ቤት ውስጥ ሰርቨር ላቆም ወሰንኩ። ነገሩ ከስሙ ይቀላል፤ ዲስክ ያለበት አንድ ኮምፒውተር ጥግ ላይ ይቀመጣል፣ ተማሪዎቹ አባቴን ሊጠይቁ ሲመጡ በቤቱ ዋይፋይ ገብተው፣ ለዳታ ሳይከፍሉ የሚፈልጉትን ወደ ስልካቸው ይወስዳሉ። ውጭ አገር ያሉ ሰዎች እንዲህ ያለ ነገር በየቤታቸው አላቸው አሉ። ፊልም ያጠራቅሙበታል።

ኮምፒውተሩንና ሁለት ትንንሽ ሃርድ ዲስኮችን የገዛሁት ገበያው ዳር ሱቅ ካላቸው ሙስሊም ነጋዴ ነው።

«ሁለት ዲስክ ምን ያደርግልሻል ልጄ?» አሉኝ። «አንዱ ለጾም፣ አንዱ ለፍስክ ነው?»

«አዎ» አልኳቸው። ሰው ፊት ቆሞ ከማስረዳት አዎ ማለት ይቀለኛል።

የቀረው ሲስተሙ ነበር። የመጀመሪያው አማካሪዬ ታላቅ ወንድሜ ነው። ስልክ የሚጠግንባት፣ ዘፈንና ፊልም የሚጭንባት ሱቅ አለችው፤ ለበሽታ ሁሉ አንድ መድኃኒት ነው የሚያውቀው፦ ፎርማት። ራስ ምታት ይዞት የገባ ደንበኛ እንኳ ሳይፎርማት የሚወጣ አይመስለኝም።

«ዊንዶው ጫኝበት በቃ» አለኝ። «ምን ታካብጃለሽ?»

«ይህ እኮ ሰርቨር ነው፤ ቀን ከሌት የሚሠራ፣ ዲስኮቹን የሚቆጣጠር ሲስተም ነው የሚፈልገው።»

«ቀን ከሌት?» ወደ ጣሪያው አምፖል በአገጩ አመለከተ። «በምን መብራት?»

ወንድሜን ትቼ ኢንተርኔት ላይ ወዳሉት ሊቃውንት ሄድኩ። የቤተ ልሔም፣ የአጫብርና የቆማ ዜማ ወዳጆች ሲከራከሩ እየሰማሁ ያደግሁ ነኝ፤ ክርክር አያስደነግጠኝም ብዬ ነበር። እነዚህ ግን ይነካከሳሉ። አንዱ ወገን ጠንቃቃውን ሲስተም ይላል፤ እያንዳንዱን ፋይል እየዞረ የሚመረምር፣ አንዲት ነቁጥ ብትበላሽ አውቆ የሚያርም። ሌላው ወገን የሚከፈልበትን ይላል፤ ሁሉ ነገር የተመቻቸ፣ ክፍያው ግን በዶላር ካርድ። የዶላር ካርድ ቢኖረኝ የአባቴን ጉሮሮ አሳክምበት ነበር። ደግሞም ሲስተሙ ራሱ ፈቃዴን ለማረጋገጥ በየጊዜው ኢንተርኔት እፈልጋለሁ ይላል። ፈቃዱን ሲጠብቅ ሊያረጅ ነው። ሦስተኛው ወገን ተራውን ይላል፤ በነጻው ሊኑክስ ላይ የተሠራ፣ ብዙ የማያውቅ፣ ብዙ የማይጠይቅ። ይህን የሚመርጡት ሲጽፉ እንደ ማፈር ይላቸዋል። ወዲያው ወደድኳቸው።

እዚያ ያለ ሰው ሁሉ የማያውቀውን ይጠይቃል። እኔም ጥያቄዬን ጻፍኩና ሰረዝኩት፤ ደግሜ ጽፌ ደግሜ ሰረዝኩት። ፊቴን በማያዩ፣ ስሜን በማያውቁ ሰዎች ፊት ማፈር ከቻልኩ ችሎታዬ ሙሉ ነው። በመጨረሻ ዓይኔን ጨፍኜ ላክሁት።

የመጀመሪያው ሊቅ «ይህ ጥያቄ ከዚህ በፊት ተጠይቋል» አለና ሄደ። ሁለተኛው «መብራት በዓመት ስንት ጊዜ ይጠፋብሻል?» ሲል ጠየቀ። እኛ የምንቆጥረው የመጣበትን ነው ብዬ መልስ ልጽፍለት ስጀምር መብራቱ ጠፋ። ሲመጣ የሦስተኛውን አነበብኩ፤ የኮምፒውተሬ ራም፣ ማለት ሲሠራ የሚያስታውስበት ክፍሉ፣ ስሕተቱን ራሱ የሚያርመው ዓይነት ስላልሆነ፣ በእንዲህ ያለ ማሽን ፋይሉን የሚያስቀምጥ ሰው ፋይሉን አይወደውም ይላል። አባቴን እንደማልወዳቸው የተረዳሁት እንግዲህ ያን ቀን ነው።

ልቤ ያረፈው ጠንቃቃው ላይ ነበር። ጠንቃቃ ሰው ጠንቃቃ ይወዳል። አውርጄ ስጭነው ግን ኮምፒውተሩ ግማሽ መንገድ ላይ ደርሶ ቀጥ አለ፤ ራሙ አይበቃውም። ራም ፍለጋ ነጋዴው ዘንድ ስመለስ በእጃቸው ገለባብጠው አዩትና «ይህን የሠሩት ሰዎች አሁን ሳይሞቱ አይቀሩም» አሉኝ። ስለዚህ ተራውን ጫንኩ። መረጥኩ ማለት አልችልም፤ ማሽኑ ነው የመረጠልኝ። የሚጠይቀኝ ሲኖር ግን «ካጠናሁት በኋላ ነው» እላለሁ።

ሁለቱን ዲስኮች መንታ አደረግኋቸው፤ አንዱ ላይ የተጻፈው በዚያው ቅጽበት ሌላው ላይ ይጻፋል። በሁለቱም ላይ የአባቴ ድምፅ መኖሩን ደጋግሜ አረጋግጬ ላፕቶፔ ላይ ያለውን አጠፋሁ። እናቴ ከጎኔ ቆማ ታየኝ ነበር።

«ሁለቱ የያዙት ያው ነው?»

«ያው ነው እማ።»

«ታዲያ ሁለተኛው ሥራው ምንድን ነው?»

«ይጠብቃል።»

«ሥራ የለውም በይኛ» አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

የምሠራበት ቢሮ ደብረ ታቦር ለሥልጠና ላከኝ። ሥልጠናው ስለ መረጃ ደኅንነት ነበር፤ ብዙ ጻፍኩ፣ ምንም አልጠየቅሁም። ተመልሼ ሰርቨሩን ስከፍት በቀይ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ተቀበለኝ፤ አንድ ዲስክ የለም።

«እማ፣ ይህን ዕቃ የነካው ሰው አለ?»

«ማን ይነካዋል? አንዱን ለመሪጌታ ሰጠናቸው እንጂ።»

መሪጌታ የምትላቸው የአባቴ የጥንት ተማሪ ናቸው፤ ዛሬ ወገዳ ከተማ ራሳቸው ዜማ ያስተምራሉ። አባቴን ሊጠይቁ መጥተው ኖሯል።

«ስልካቸው ወንዝ ገብቶባቸው፣ የየኔታን ድምፅ አጣሁት ብለው እንባቸው መጣ» አለች እናቴ። «እንዲያው ባዶ እጃቸውን ልሸኛቸው?»

«ይገለበጥላቸው ነበር እኮ!»

«ተገልብጦ የለም እንዴ? ሁለቱ ያው ናቸው ያልሽው አንቺ ነሽ። ሥራ የሌለውን ነው የሰጠነው።»

«ሥራ የለውም አላልኩም።»

«ይጠብቃል አልሽ። ምን እንደሚጠብቅ አልነገርሽኝም።»

ብሎኑን የፈታው ወንድሜ ነው፤ ለበጎ ሥራ ሲሆን ፈጣን ነው። አባቴ ከመደባቸው ላይ ሆነው በሹክሹክታ «ልጄ፣ ሁለት ያለው ለሌለው ይሰጣል» አሉኝ። ይህን ስንት ዘመን ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ የዲስክ ነገር ለብቻው ይታያል ብዬ ከእሳቸው ጋር ልከራከር አልችልም። የሰጡትን መልሶ መጠየቅም በእኛ አገር ከመስረቅ የሚሻለው በጥቂቱ ነው። ሌላ ዲስክ ልገዛ ነጋዴው ዘንድ ሄድኩ፤ ዕቃ የሚያመጣላቸው መኪና መንገድ ሲከፈት እንደሚመጣ ነገሩኝ። መንገዱ መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ ሰው ግን አልነበረም።

መኪናው ሳይመጣ መብራቱ መጣ፤ ያውም ኃይሉን ጨምሮ። አምፖሉ እንደ ፀሐይ ነጣ፣ የጎረቤት ቴሌቪዥን ጢሱን ለቀቀ፣ የእኔም ሰርቨር ጠፋ። መልሼ ሳስነሳው ኮምፒውተሩ ተነሣ፤ ዲስኩ ግን ምላሱን እንደሚመታ ሰው ጠቅ ጠቅ ከማለት በቀር የሚለው አልነበረውም። ለወንድሜ ወሰድኩለት። ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠውና ፊቱን አጨማደደ።

«ፎርማት ብናደርገውስ?» አለኝ።

ካርዶቹን ከመለስኩላቸው ተማሪዎች የደረስኩባቸው ሁሉ አጥፍተው ሌላ ጭነውበታል፤ እኔ ዘንድ ይቀመጣል ብለው። የአባቴ ድምፅ እንግዲህ የቀረው ወገዳ ባለው አንድ ዲስክ ላይ ነው፤ እሱም እስካሁን ምን እንደሆነ አላውቅም። ስልክ እንዳልደውል ኔትወርክ የለም።

«አባትሽ እንዳይሰሙ» አለች እናቴ።

አባቴ ወደ ማታ ገደማ ትንሽ ማዳመጥ ለምደው ነበር። ያን ቀን በእጃቸው ወደ ሰርቨሩ ሲያመለክቱ «ዛሬ መብራት የለም አባባ» አልኳቸው። ቀና ብለው አናታቸው ላይ የሚበራውን አምፖል አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩ።

«ይታየኛል» አሉና ጋቢያቸውን ተከናንበው ተኙ።

በማግስቱ ወደ ወገዳ ተሳፈርኩ። ስለ መንገዱ የምለው የለኝም፤ የሄደበት ያውቀዋል፣ ያልሄደበት አያምነኝም። መሪጌታ ቤት ስደርስ ባለቤታቸው እግዜር ያመጣት እንግዳ አሉኝ፤ ውኃ ቀረበ፣ ምግብ ቀረበ፣ ጠላ ቀረበ። እኔ ደግሞ የመጣሁበትን ማውጣት አቃተኝ። የሰጠነውን ነገር ምን አደረጉት ብላ ልትሰልል መጣች ቢሉኝስ? ስለ አባቴ ጤና ተጠየቅሁ፣ ስለ እናቴ፣ ስለ ወንድሜ፣ ስለ እህሉ ዋጋ። ሁሉም ደኅና ነው አልኩ፤ የእህሉን ዋጋ ጭምር። ትዳር ወደሚባለው ጥያቄ ሊያልፉ ሲሉ ድንገት ድፍረት መጣልኝ።

«መሪጌታ፣ ያ እናቴ የሰጠችዎ ዕቃ ደኅና ነው?»

ፊታቸው ጠቆረ። «እኔም እንዴት ልንገራት እያልኩ ነበር» አሉኝ።

የጠላውን ዋንጫ መሬት አስቀመጥኩ።

ዲስኩን እንደተቀበሉ ከተማው ውስጥ ስልክ የሚጠግን ሰው ዘንድ ወስደውት ነበር። ሰውየው ዊንዶው ባለው ኮምፒውተር ሲሰካው፣ ዊንዶው የሊኑክስን ዲስክ ማንበብ ስለማይችል፣ እንደ ልማዱ ይፎርማት ወይ ብሎ ጠየቀ። ይህ ጥያቄ በሌላ ቋንቋ፣ ያለውን ሁሉ ላጥፋው ወይ ማለት ነው።

«ሰውየው ‹ይህ ባዶ ነው መሪጌታ፣ ፎርማት ነው የሚፈልገው› አለኝ። እኔ ፎርማት ምን እንደሆነ አላውቅ፤ ጸሎተ ቡራኬ ዓይነት መስሎኝ ‹እንግዲያ ይደረግለት› አልኩት።»

«ተደረገ?»

«ሊጫን ጣቱን ሲሰነዝር መብራት ጠፋ።»

ስለ መብራት በሕይወቴ ሙሉ ያሰብኩትን ሁሉ በዚያች ቅጽበት ይቅር አልኩ።

መብራቱ እስኪመጣ ቢጠብቁ አልመጣም፤ በኋላም ድምፁ አልወጣ ያለው የኔታ ቅር ብለውብኝ ይሆናል እያሉ ሳይመለሱበት ቀሩ። ዲስኩን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ከመጽሐፋቸው ማኅደር ውስጥ አኑረውት ነበር፤ አውጥተው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። ላፕቶፔን ከፍቼ በኬብል አገናኘሁት። ላፕቶፔ ላይ ያለው ያው ተራ ሊኑክስ ነው፤ አንድ ትእዛዝ ጻፍኩለት፣ ዲስኩ ተከፈተ። ጠንቃቃውን ሲስተም ጭኜ ቢሆን ኖሮ መክፈቻውን ላፕቶፔ ላይ ለማስገባት ኢንተርኔት ያስፈልገኝ ነበር፤ ወገዳ ያን ሰሞን ኢንተርኔት የሚባል ነገር አልነበረም። ሊቃውንቱ ስለ ራም ብዙ ጽፈዋል፤ ስለዚህ ግን የጻፈ አላየሁም።

ከላይ ያገኘሁትን ፋይል ነካሁት። የአባቴ ድምፅ፣ ሳይሰነጠቅ በፊት የነበረው፣ ቤቱን ሞላው። መሪጌታ ከመቀመጫቸው ተነሡና ቆመው ሰሙ። ደጅ ትምህርታቸውን እየደጋገሙ ቃል ይቀጽሉ የነበሩት ተማሪዎች አቋርጠው በሩ ላይ ተሰበሰቡ። እኔ ደግሞ እንደማለቅስ ስላወቅሁ፣ ኬብሉ የላላ ይመስል አጎንብሼ ኬብሉን መነካካት ጀመርኩ።

ሁሉንም ወደ ላፕቶፔ ገልብጬ ዲስኩን እዚያው ተውኩላቸው፤ ስልካቸው ላይም ጫንኩላቸው። አንዱ ቅጂ ሁልጊዜ ሌላ አገር፣ ሌላ ቤት መቀመጥ እንዳለበት ሊቃውንቱ ሁሉ የሚስማሙበት ብቸኛ ነገር ነው። እናቴ ማንንም ሳታማክር ፈጽማዋለች። ይህን አልነገርኳትም፤ ሳልነግራትም ወር ሙሉ ስትኩራራ ከርማለች።

መንገዱ ተከፈተ፣ ዲስኮቹ መጡ፣ ሰርቨሩ በዚያው ተራ ሲስተም መልሶ ሥራ ጀመረ። አሁን የመብራቱን ኃይል የሚያስተካክልለት ስታብላይዘር አለው። አባቴም ወንበራቸውን አስጠግተው ማዳመጥ ጀመሩ። አንድ ቀን ከሰዓት ዓይናቸውን ጨፍነው ሲሰሙ ቆዩና ድንገት ጣታቸው ተነሣ፤ ተማሪ ሲስት የምትነሣዋ ጣት ናት።

«መልሺው» አሉኝ።

መለስኩት።

«ቸኩሏል» አሉ። «እዚህ ጋ ዜማውን ሳይስብ ጣለው። ማነው ይህ?»

«እርስዎ ነዎት አባባ።»

ያንኑ ቦታ ሦስተኛ አሰሚኝ አሉ፤ ሰሙ።

«አጥፊው» አሉኝ። «ተማሪ ይህን ሰምቶ ስሕተቱን ይዞ ይሄዳል። ስሕተት ከሚተላለፍ ድምፄ ቢጠፋ ይሻላል።»

በአባቴ ቃል ላይ ቃል መልሼ አላውቅም። ፈቃደኛ ስሆን «እሺ» እላለሁ፣ ሳልሆን ደግሞ ቀስ ብዬ «እሺ» እላለሁ። ያን ቀን ግን ስለዚያ ድምፅ የሄድኩበት መንገድ ሁሉ ትዝ አለኝ።

«አላጠፋውም» አልኳቸው። «ያርሙት እንጂ።»

እናቴ ከጓዳ ብቅ አለች። አባቴ ለረጅም ጊዜ አዩኝ፤ ይቆጡኝ እንደሆነ ወይም ይህች ማን ናት እያሉ እንደሆነ አልገባኝም። ከዚያ ስልክሽን አምጪ ብለው በእጃቸው ጠሩኝ። መቅጃውን ከፍቼ ከከንፈራቸው አጠገብ ያዝኩት። የሳቱትን ቦታ በሹክሹክታ ይሉት ጀመር፤ የሚሳበውን እየሳቡ፣ ማረፊያው ላይ እያረፉ። ድምፅ ሳይሆን የድምፅ ጥላ ነበር የሚወጣው።

መልሼ ሳዳምጠው የተቀዳው የሰርቨሩ ማራገቢያ ነው። ከሥሩ አባቴ አሉ ማለት ይቻላል፤ ግን የሚሰማው ማራገቢያው ነው።

«አይሰማም» አልኳቸው።

«እንግዲያ ያን ዕቃ ዝም አሰኚልኝ» አሉ።

ክረምት ሙሉ ያጠናሁለትን፣ ወገዳ ድረስ የተንከራተትኩለትን ሰርቨር አጠፋሁት። ቤቱ ጸጥ ሲል አባቴ ትንፋሻቸውን ሰብስበው እንደገና ጀመሩ።